የአቻምየለሽ ምላስ

ቡሬ ውስጥ አቻምየለሽን የማያውቅ ሰው ቢፈለግ፣ ምናልባት ጠጅ ባፉ ዞሮ የማያውቅ አንድ መናኝ ይገኝ ይሆናል፤ እሱም ቢሆን ስሟን ሰምቷል። ጠጅ ቤቷ ከገበያው በላይ፣ ወደ ሽንዲ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞቶባት ልጅ አልወለደችም። ያላት ዘመድ አንድ ታናሽ ወንድም፣ ያላት ሀብት አርባ ብርሌ፣ ያላት ጠላት ደግሞ እድፍ ነበር።

እንደሷ ያለ ተጸያፊ ሰው ከዚያ በፊት አልታየም፣ ከዚያም ወዲህ አልታየ። ሌላው ጠጅ ጣይ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አንድ ጊዜ ያሸዋል፤ እሷ ሦስት ጊዜ አሽታ፣ አፍንጫዋን ከጋኑ አፍ ከትታ፣ ፊቷን አኮማትራ እንደገና ታሸዋለች። ዝንብ የገባበት ብርሌ ከነጠጁ ይደፋል። አንድ ጊዜ ለጥምቀት የጣለችውን ሙሉ ጋን ከደጅ ያፈሰሰችው አንድ እንግዳ ጋኑ አጠገብ ስላስነጠሰ ነው፤ ያን ቀን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሰክሮ አጥር ሲደገፍ ዋለ። ከሰው ጋር በአንድ መሶብ ከምትበላ ጦሟን ብታድር ትመርጣለች። ጉርሻ የምትቀበለውም ካንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር፤ ከወንድሟ ከላቀው። ጎረቤቷ ንግሥቴ «አቻምየለሽ ገነት ብትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው መጥረጊያ ነው» እያለች ታማት ነበር። አቻምየለሽም ሰምታ አልተቆጣችም። «አንቺን ካስገቡሽማ መጥረጊያም አይበቃ» አለቻት ይባላል።

እግዜር ሲፈጥራት አፍንጫዋን ለመከራ፣ ምላሷን ለእንጀራ ሰጣት። ማር ነጋዴ ቅሉን አስቀምጦ ሲጠብቅ እሷ ካጥሯ ንጹሕ የአክርማ ስንጥር ትመዛለች፤ ጫፉን ማሩ ላይ ነክታ ምላሷ ላይ ታሳርፋለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ፍርድ ነው። «ይኼ የአደይ ነው። ይኼ የብሳና ነው። ይኼን የቆረጠው ሰው ጭስ አብዝቷል፤ ንቦቹን ነው ወይስ ሙክት ነው የጠበሰ?» ጣሊያን ስኳር በጆንያ ይዞ ሲገባና አንዳንዱ ነጋዴ ማሩን በስኳር ማብዛት ሲጀምር፣ ከቡሬ ጠጅ ጣዮች ያልተታለለች እሷ ብቻ ነበረች። እንዴት እንዳወቀች ሲጠይቋት ትገረማለች። ማር ሲመጣ አበባውን ይዞ ነው የሚመጣ፤ ስኳር ባዶ እጁን ነው የሚመጣ ትላቸው ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በሁዳዴ ጾም ነው። ጣሊያን ከቡሬ ኮረብታ ላይ ምሽግ ሠርቶ፣ ከዚያ በዓባይ በረሃ አድርጎ ወደ ነቀምት የሚወርድ መንገድ ያስቆፍር ነበር። ቆፋሪው ከየገበያው የሚታፈሰው ገበሬ ነው። በረሃው ሙቀት ነው፣ ወባ ነው፣ ድንጋይ ነው። ፊቱና እግሩ ያበጠ ሰው ወደዚያ ከወረደ ሳምንት አይቆይም። የምሽጉ አዛዥ ይህ ነገር አሳሰበው፤ ያሳሰበው ግን ሰው ስለሞተ አይደለም። ዳቦ በልቶ ሳይቆፍር ለሚሞት ሰው ካሚዮን ለምን ይባክናል ብሎ ነው። ስለዚህ ያበጡት ሁሉ መጀመሪያ ኩላሊታቸው ይታይ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ኩላሊቱ የታመመ ወደ ቤቱ፣ ኩላሊቱ ደህና የሆነ አስመሳይ ነውና ወደ በረሃው።

የሚያየው ደግሞ ሐኪም አልነበረም። እውነተኛው ሐኪም በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይመለሳል። ሌላውን ቀን የሐኪም ቤቱ ጌታ አንድ ወፍራም የጣሊያን አስር አለቃ ነበር። ይህ ሰው በመጀመሪያ ሽንት በእሳት ያፈላ ነበር። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ሽንት ሲፈላ እንደ ወተት ይቆራረጣል። ሰዉ ይህን አየ፤ አይቶም ዝም አላለ። የእንቁላል ነጭ ጠብ ያለበት ሽንትም እንዲሁ እንደሚቆራረጥ ማን እንደደረሰበት አይታወቅም፤ ብቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቡሬ ገበሬ ኩላሊት ሁሉ ታመመ።

ያጋለጣቸው ጾሙ ነው። በሁዳዴ ክርስቲያን እንቁላል ስለማይነካ፣ ከዓመት ዓመት እንቁላል እንደዚያን ጊዜ የሚረክስበት ወቅት የለም። አስር አለቃው ደግሞ ጠዋት ስድስት እንቁላል ካልተጠበሰለት የማይነጋለት ሰው ነበር። አምና በሁዳዴ በቅርጫት ያመጡለት የነበረው እንቁላል ዘንድሮ ቢፈለግ፣ ቢፈለግ አንድ ፍሬ ታጣ። እነዚህ ሰዎች በጾም እንቁላል ምን ያደርጉበታል ብሎ ሁለት ቀን አሰበ። በሦስተኛው ቀን አንዱን ሲሸና ከኋላው ቆሞ ጠበቀውና ከጋቢው ሥር እንቁላሉን ያዘው። ገበሬው ተገረፈ፤ ማፍላትም ያን ቀን ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሽንቱ የእውነት የሚቆራረጥ ሕመምተኛ ቢመጣም እንቁላል ነው ተብሎ የሚያፈላለት ጠፋ።

በማፍላት ፋንታ ሌላ ነገር መጣ። ሆዱ ውስጥ እርሳስ የቋጠረ፣ አንገቱ ላይ ቀይ መስመር ያለበት ቀጭን የመስተዋት መንሳፈፊያ ነው። ሰውየው ከማታ ጀምሮ ውሃ እንዳይቀምስ ይከለከላል። ጠዋት ሽንቱን ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ገልብጠው መንሳፈፊያውን ይጥሉበታል። ደህና ኩላሊት ውሃውን ይዞ ወፍራሙን ነው የሚያወጣ፤ ስለዚህ ቀዩ መስመር ከሽንቱ በላይ ብቅ ይላል። የደከመ ኩላሊት ውሃውን እንዳለ ይለቀዋል፤ ያኔ ይሰምጣል። አስር አለቃው በዚህ ተደሰተ። ሰው ይዋሻል፣ ብርጭቆ አይዋሽም ይል ነበር። የሚሸኑበት ዕቃ ሲያጥረው ደግሞ ሶላቶ ልኮ የአቻምየለሽን አርባ ብርሌ አስወሰደ። ለምን እንደተወሰዱ ስትሰማ አቻምየለሽ ከደጃፏ ቁጭ ብላ እህል ሳትቀምስ ሁለት ቀን አደረች።

ላቀው የታፈሰው ማክሰኞ ከገበያ ነው። አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ሠላሳ ቀፎ ያለው ንብ አርቢ ነበር፤ ዱሮ በር የሚሞላ ሰው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን የውሃ ጥም ያዘው። እንስራ ከራስጌው ካልተቀመጠ አይተኛም፤ ሲነጋ እንስራው ባዶ ነው። እየሸና፣ እየጠጣ፣ እየከሳ ሄደ። ኮሶ ጠጣ፣ ጠበል ተጠመቀ፣ ያው ነው። አሁን ደግሞ ከዚያ ክሳት ላይ እግሩ አብጦ፣ ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ በእብጠት ተሸፍኖ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሽንቱን ለኩ። ቀዩ መስመር ከሽንቱ በላይ ዘሎ ወጣ። አስር አለቃው እስኪያስለው ሳቀ፤ እግሩን በገመድ ጠፍሮ ነው ያሳበጠው፣ ሰኞ በካሚዮን ይወርዳል ብሎ ወሰነ።

ይህን ለአቻምየለሽ የነገራት መሐመድአወል ነው። የጨው ነጋዴ ልጅ ሆኖ አስመራ ሲመላለስ የጣሊያንኛ ቋንቋ ተምሮ ነበር፤ ጣሊያንም ይህን ሰምቶ አስተርጓሚ አደረገው። አንድ እግሩ ገበያ፣ አንድ እግሩ ምሽግ ሆኖ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነው። እናቱ ሳቢሃ ለኢድ ያልፈላ ብርዝ የምታስጥለው ከአቻምየለሽ ቤት ስለነበር ሲያያት ቆሞ እጅ ሳይነሳ አያልፍም።

«ወንድሜን እንዴት ላየው?» አለችው።

«መግቢያ የለም። አጣቢዋ ግን ትናንት ጠፍታለች። አጣቢ ይፈልጋሉ።»

«የምን አጣቢ?»

መሐመድአወል መሬት መሬት አየ። «የብርሌዎቹ» አላት። «እርስዎ ግን አይችሉትም፣ እትዬ አቻምየለሽ።»

ቻለችው። እንዴት እንደቻለችው ግን ለማንም ተርካ አታውቅም። ሐሙስ ጠዋት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገባች። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አርባ ብርሌዎቿ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ቢጫ ሞልቷቸዋል። ከሩቅ ላየው የፋሲካ ድግስ ነው። አንገታቸው ጠባብ ስለሆነ ግማሹ ሰው ውጭ ውጭውን አጥቦታል። በሙቀቱ የነደደው ሽታ ጉሮሮዋን እንደ በርበሬ ጭስ ያዛት። ሕሙማኑ ከታጎሩበት በረት ሆነው ሲያዩዋት፣ ከመሃላቸው ክንፈሚካኤል የሚባል ደንበኛዋ «እመቤቴ፣ ዛሬ ብርዙ ነው ወይስ ጠጁ?» ብሎ ጠየቀ። በረቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ዞራ ማስመለስ ይዛ ነበር። አስመልሳ ጨረሰችና አፏን ጠርጋ ግራዋዋን አነሳች። አንዱን ብርሌ አጠበች። ሁለተኛውን አጠበች። እጇን ከትከሻዋ ቆርጣ ብትጥለው በወደደች።

ላቀውን አየችው። ከንፈሩ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። አስር አለቃው ሰኞ እስኪደርስ በየጠዋቱ ያስለካው ስለነበር ከማታ ጀምሮ ውሃ ከልክለውታል። «እታለም» አላት፣ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ከእጥበቷ ጋር ግን ዓይኗም ይሠራ ነበር። ሌላው ሰው ውሃ ሳይጠጣ አድሮ ብርሌውን ግማሽ አይሞላም፤ ያውም እንደ ጉሽ ጠጅ የደፈረሰ ነው። ላቀው ከሁሉም በላይ ተጠምቶ፣ ሦስት ብርሌ ሞልቶ፣ የምንጭ ውሃ የመሰለ ነው የሚሸና። ውሃ መስሎ ሳለ መንሳፈፊያው ከሌላው ሁሉ በላይ ይቆማል። ይህን ስታይ አንድ ነገር እንዳልገጠመላት አወቀች፣ ግን ምን እንደሆነ አልያዘችውም።

የያዘችው ዓርብ ነው። ያጠበችበትን የምትደፋው ከቤቱ ጀርባ፣ ካንድ ጉድጓድ አጠገብ ነበር። የየሰዉን በየቦታው ደፍታ ነበርና ሄዳ ብታይ፣ የሌላው የደረቀበት ላይ ዝንብ ብቻ ነው። የላቀው የደረቀበት ላይ ግን ጉንዳን በሁለት መስመር ይመላለሳል፤ አንዱ ሲሄድ አንዱ ሲመጣ፣ ልክ እንደ ገበያ መንገድ። አቻምየለሽ ዕድሜዋን ሙሉ ከጉንዳን ጋር የተዋጋች ሴት ነች። ከማር ጋኗ ለመድረስ ስንት አጥር እንደሚሻገር ታውቃለች። ጉንዳን ለሽንት አይሰለፍም።

ቁጭ ብላ አሰበች። ጠጅ ሲጣል የጌሾው እንጨት በመጀመሪያ ቀን ከላይ ተንሳፍፎ ይውላል፤ ብርዙ በማር የወፈረ ነዋ። ማሩ እየተበላ ሲሄድና ጠጁ ሲቀጥን እንጨቱም እየወረደ፣ እየወረደ ከታች ይተኛል። እንግዲህ የላቀውን መንሳፈፊያ ወደ ላይ የያዘው ኩላሊቱ ላይሆን ይችላል። ከሰውነቱ የሚፈሰው ጣፋጭ ነገር ይሆናል። ጣፋጩ ባይኖርበት ያ ሽንት የሚመስለውን ይሆን ነበር፤ ውሃ። መንሳፈፊያውም ይሰምጥ ነበር።

ሮጣ ለመሐመድአወል ነገረችው። እሱም ገባው፤ ገብቶትም ለአስር አለቃው ተረጎመው። ሁለቱም ያላሰቡት ነገር አስር አለቃው በእንቁላል የተቃጠለ ሰው መሆኑን ነው። ጣፋጭ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ቀላ። ባለፈው እንቁላል፣ ዛሬ ማር! ማር የሚያቀርብ ንብ አርቢ፣ እህቱ ደግሞ ጠጅ ጣይ፣ ያውም ብርሌውን የምታጥብ እሷው! ላቀውን አውጥቶ አምስት ጅራፍ አስገረፈው። አቻምየለሽንም ነገ ሐኪሙ ሲመጣ ማጭበርበሯን ያሳያትና ከነወንድሟ በረሃ ትወርዳለች ብሎ ከዘበኛ ጋር አሰረ። ማር ሽንቱን የሚያወፍር ከሆነ ለማምለጥ ማን ይጨምረዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ማር ጨምሮ ራሱን ጤነኛ የሚያስመስል ሞኝ እንዴት ይገኛል ያለም የለም። ንዴት መቼ ይቆጥራል!

ያን ሌሊት አልተኛችም። ላቀውን ያስገረፈው አፏ ነው፤ የሚያድነውም ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ይህን ስታስብ ደግሞ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ጠርጋ አትጠግብም።

ሐኪሙ ቅዳሜ በአራት ሰዓት መጣ። ቀጭን፣ አቧራ የጠጣ፣ ሁሉ ነገር የሰለቸው ሰው ነው። አስር አለቃው በጩኸት አስረዳው። ሐኪሙ የላቀውን እግር በጣቱ ተጫነው፤ ጣቱ የገባበት ጉድጓድ ሳይሞላ ቀረ። ስለ ጥሙ ጠየቀ፣ ስለ ሽንቱ ጠየቀ፣ ከዚያ ግንባሩን አሸ። ሽንት ውስጥ ጣፋጭ መኖሩን የሚያሳይ ሰማያዊ ውሃ ነበረው፤ ጠርሙሱ ግን ፍኖተ ሰላም ዛሬ ካለችበት ወዲህ፣ ካሚዮኑ ሲንገጫገጭ ተሰብሯል። ቢኖርም ጣፋጩን እንጂ ማር ነው አይደለም የሚለውን አይናገርም አለ። ሰዓቱንም አየ።

አቻምየለሽ ከዘበኛው ፊት ተነሳች።

«ንገርልኝ» አለችው መሐመድአወልን። «ማር ከሆነ ምላሴ ያውቀዋል በለው።»

መሐመድአወል አንድ እርምጃ ተጠጋት። «እትዬ፣ እንዴት ብለው...»

«ንገረው አልኩህ እኮ።»

ነገረው። ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። የጥንት ሐኪሞችም በምላሳቸው ነበር የሚያውቁት ብሎ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ። ላቀውን አስጠርቶ ከዓይኑ ሥር፣ እጁን አስታጥቦ፣ ንጹሕ ብርሌ ውስጥ አሸናው። አስር አለቃውን ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ የሌላ ጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ ማር በጥብጦ እንዲያመጣ አዘዘው። የትኛው የማን እንደሆነ እንዳታይ ሁለቱን ብርሌ በጨርቅ ጠቅልለው ከፊቷ አቆሙላት።

አቻምየለሽ አክርማ አስመጣች። ሁለት ስንጥር መረጠች፤ በጥርሷ ጫፋቸውን አስተካከለች። በረቱ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ ወደ አጥሩ ተጠግቷል፤ ክንፈሚካኤል እንኳ አልቀለደም። የመጀመሪያውን ስንጥር ነክራ ምላሷ ላይ አሳረፈችው። ዓይኗን ጨፈነች። ሰውነቷ ከእግሯ እስከ ጠጉሯ ተንዘፈዘፈ፤ ሁለት ጊዜ አቅለሸለሻት፣ ሁለት ጊዜ ዋጠችው።

«ይኼ የብሳና ማር ነው» አለች ድምፅዋ ሰልሎ። «ጭስ በዝቶበታል። ከድሃ ቤት ተቻኩሎ የተዘረፈ ማር ነው።»

መሐመድአወል የመጨረሻዋን አልተረጎመም። አስር አለቃው ግን ብሳና የሚለውን ሳይረዳ ጣቷ የጠቆመችውን ብርሌ አይቶ ፊቱ ተለወጠ። በውሃ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች። ሁለተኛውን ስንጥር ነከረች።

ይሄኛው ለስለስ ያለ ነበር። ሞቅ ይላል። ይጣፍጣል፣ አዎን ይጣፍጣል፤ የሚያስጠላውም እሱ ነው፣ መጣፈጡ። አበባ ፈለገች፣ የለም። ጭስ ፈለገች፣ ሰም ፈለገች፣ የለም። ያገኘችው ወንድሟን ነው። እንባዋ ሳይጠራ መጣ።

«ይኼ ባዶ እጁን ነው የመጣ» አለች። «ማር አይደለም። ከራሱ ነው የወጣ።» ከዚያም ስለ ጌሾው እንጨት፣ ስለ ወፍራም ብርዝና ስለ ቀጭን ጠጅ ነገረችው፤ መሐመድአወልም አንድ ቃል ሳይጥል ተረጎመ።

ሐኪሙ የሁለተኛውን ብርሌ ሽንት ራሱ በጣሳ ገልብጦ እሳት ላይ ጣደው። ሲፈላ ከላይ ደፈረሰ፣ ነጣ፣ እንደ ወተት ተቆራረጠ። አስር አለቃው «እንቁላል» ሊል አፉን ከፈተና ሐኪሙ አብሮት ቆሞ ያሸናው መሆኑ ትዝ ብሎት ዘጋው። ሐኪሙም እንዲህ አለ፦ ሰውየው ደሙ ውስጥ ስኳር በዝቶ ወደ ሽንቱ ይፈስሳል፤ ኩላሊቱም ታሟል። ስኳሩ ሽንቱን ስላከበደው መንሳፈፊያው ኩላሊቱን ደህና አስመሰለው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መንሳፈፊያው ብቻውን አይታመንም። ወደ ቤቱ ይሂድ።

መሐመድአወል ይህን ሲነግራት አቻምየለሽ አልተደሰተችም። ከበረቱ ወዲያ የዓባይን በረሃ መንገድ አየች። «እሺ፣ ከዚህ በፊት በዚህ ብርጭቆ ደህና ናችሁ ተብለው የወረዱትስ?» አለች።

መሐመድአወል ወደ ሐኪሙ አየ። አልተረጎመም። ሐኪሙም ምን አለች ብሎ አልጠየቀም፤ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ከሽንቱ ሁሉ፣ ከሽታው ሁሉ፣ ከዚያ ሁሉ ይልቅ ያቅለሸለሻት ይህ አለመጠየቁ ነው።

ከመሄዱ በፊት ያለው አንድ ነገር አለ። ለዚህ በሽታ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ለአገሬው ግን አልተላከም። ማር እንዳይነካ፣ ጠጅ እንዳይጠጣ፣ እህል እንዲቀንስ። ንብ አርቢውን! አስር አለቃው ደግሞ የሐኪሙ ዓይን ስላስፈራው አርባውን ብርሌ አስሸክሞ መለሰላት። አቻምየለሽ ከደጃፏ ተቀበለቻቸው፤ አመሰገነች፤ ተሸካሚዎቹ ዘወር እንዳሉ አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ ሰበረቻቸው። ከዚያ ወዲያ በቤቷ ጠጅ የሚጠጣው በዋንጫ ሆነ። እንግዳ ብርሌ ከጠየቀ ንግሥቴ ጎንተል አድርጋ ዝም ታሰኘው ነበር።

ለንስሐ አባቷ ለአባ ወልደ ዮሐንስም ሄዳ ነገረቻቸው። በጾም ሽንት መቅመስ ጾም ያስፈታ እንደሆን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ብዙ አሰቡና እንዲህ ያለ ነገር በሥርዓቱ አላነበብኩም አሉ። ካልተጻፈ ይጻፍልኝ ብላ ስትሟገታቸው አሥራ ሁለት ስግደት ሰጧት። እሷ ሃያ አራት ሰገደች።

ላቀውን ከቤቷ አስገባችው። ከጓሮ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጣ በዚያ ላይ ብቻ እንዲሸና አዘዘችው፤ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ሄዳ ጉንዳኑን ታያለች። መስመሩ የሳሳ እንደሆነ ቁርስ ትሰጠዋለች። የወፈረ እንደሆነ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትመጣለች። «ትናንት ማን ቤት በላህ?»

«ጉንዳኖችሽ ነገረ ሠሪ ናቸው፣ እታለም» ይላታል።

እብጠቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። በሠላሳ ሦስት በመጋቢት ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሲሄድ ላቀው በዱላ ተደግፎ ከደጅ ቆሞ አየ። ክረምቱን አለፈው። ኅዳር ሲገባ ግን ሰውነቱ ሁሉ አበጠ፤ ትንፋሹ አጠረ፤ እህልም እምቢ አለው። የዚያን ሰሞን ከቀፎዎቹ አዲስ ማር ተቆርጦ መጣ። አቻምየለሽ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማር በምላሷ ነክታ አታውቅም፤ ጠጅ ቤቷን የሚያቆመውን ማር እየቀመሰች የምትገዛላት ንግሥቴ ነበረች። ሰው ለምን ሲላት ጥርሴን ያመኛል ትል ነበር።

ላቀው ቅሉን አስመጣው። ለራሱ አልፈለገም።

«ቅመሽና ንገሪኝ፣ የምንድን ነው?» አላት።

«ተወኝ፣ ወንድምዓለም።»

«ካንቺ በቀር ማን ይነግረኛል?»

በጣቱ ጫፍ ትንሽ ቆንጥሮ ዘረጋላት። ከዚህ እጅ ጉርሻ እምቢ ብላ አታውቅም። አፏን ከፈተች። ማሩ ምላሷ ላይ ሲያርፍ ያ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ያ ቢጫ ረድፍ፣ ያ አበባ የሌለው ጣፋጭ ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ዓይኗን ጨፈነች፣ አበባውን ፈለገች፣ ፈለገች።

«የአደይ ነው» አለች።

ላቀው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አያት። «የግራር ነው» አላት ቀስ ብሎ። «አደይ ዘንድሮ በእኛ በኩል አልበቀለም።»

አቻምየለሽ አልተከራከረችውም። ማሩንም አልተፋችውም፤ ዋጠችው።